ባሕር ላይ የተፈተነው ሙከይፍ

ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ወላሂ ብዬ ብምል በሰፈሬ በሐጅ ዩሱፍ ውስጥ የሚያምነኝ የለም፤ ወላሂን በትንሽ በትልቁ ስጠራት ጨርሻታለሁ። ስለዚህ በረክሻዬ፣ ማለት በባጃጄ፣ እምላለሁ፦ አንዲት ነገር ዋሽቼ ከሆነ ሦስቱም ጎማዎቿ በአንድ ቀን ይፈንዱ። ወደ ታች ስትሄዱ በሰኔ ሙቀት የምትንቀጠቀጥ ፍየል ታገኛላችሁ። አትሳቁ። በዓይኔ አይቻታለሁ።

ስሜ ጂብሪል ነው። አባቴ የካርቱም ሰው፣ እናቴ ወሎዬ ናት። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ትምህርት ቤቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ ሲሰናበተኝ የቀረውን ከመንገድ ለቃቀምኩ። ተሳፋሪ ሲጠፋ ረክሻዬን አቁሜ የምቀመጠው ዐም ሳዲቅ ወርክሾፕ በር ላይ ነበር።

ዐም ሳዲቅ ሙከይፍ ይሠራል። ካርቱም ላልኖረ ሰው ልንገር፤ ሙከይፍ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ሦስቱ ጎኖቹ ላይ ገለባ ይጠቀጠቃል፣ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ገለባው ላይ ውሃ ታንጠባጥባለች፣ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ደግሞ የውጩን ትኩስ አየር በእርጥቡ ገለባ መሀል ስቦ ወደ ቤት ይነፋዋል። የካርቱም አየር ደረቅ ስለሆነ ያን ውሃ ይልሰዋል፣ ሲልሰው ይቀዘቅዛል። ጠላቱ ሐቡብ ነው። ያ ቀይ የአቧራ ግድግዳ አንድ ጊዜ ከተማዋ ላይ ካለፈ ገለባው ውስጥ ገብቶ ይቦካል፣ ሣጥኑም የጭቃ ጎተራ ይሆናል። ያን ጠርገህ ትጥላለህ፣ አዲስ ገለባ ትሞላለህ፣ ሌላ ሐቡብ ይመጣል።

ወርክሾፑ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢያስነጥስ የሚጨናነቅ ነበር። ዐም ሳዲቅ ግን አንድ ነገር አለው፤ ሐሳብ ከማን አፍ እንደወጣ አይጠይቅም። ሻይ ሻጯ፣ ውሃ በአህያ የሚያመጣው ሰውዬ፣ እኔም እንኳ «እንዲህ ብታደርገውስ?» ካልን መልሱ አንድ ነው፤ «ያላ፣ ስቀሉትና እንየው።» አብዛኛው አይሠራም። ሳይሠራ ሲቀር ስቀን እናወርደዋለን።

የመጨረሻው ፈታኝ ሐጅ ኦመር ነበር። ሐጅ ኦመር ሠላሳ ዓመት የመጋዘን የሌሊት ዘበኛ ሆኖ፣ እንቅልፉን እዚያው መጋዘን ረስቶት ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። ሐኪም የሰጠው የእንቅልፍ ኪኒን ራሱ ያነቃዋል። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አዲሱ ሙከይፍ ፊት ወንበር እናወጣለታለን፣ ሻይ እናስይዘዋለን። ሻዩን ጠጥቶ ከጨረሰ ሙከይፉ ወደቀ። ሳይጨርስ ካንቀላፋ አለፈ። ሌላ ወረቀት የለ፣ ሌላ ማኅተም የለ።

ዘሊካ አንድ አርብ መጣች። ካፉሪ አንድ ቪላ ውስጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ወሎዬ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ስትናገር ዓይን ዓይን የምታይ። አረብኛዋ ከወጥ ቤት አልፎ አይሄድም ነበርና አስተርጓሚ የሆንኩት እኔ ነኝ።

«ማዳሜ ገለባ ግዢ ብላ ልካኝ ነው» አለች። «ግን ይኸ ገለባችሁ ለከብት እንጂ ለሰው አይሆንም በለው።»

ለዐም ሳዲቅ ነገርኩት። «እሺ፣ ለሰው የሚሆነውን ታምጣ» አለ።

ከፌስታሏ ውስጥ ከመጽሐፍ ሰፋ የምትል አራት ማዕዘን ስፌት አወጣች። ከሰዓፍ፣ ማለት ከዘንባባ ቅጠል፣ የተሰፋች፣ ልል፣ ወደ ፀሐይ ስትያዝ ብርሃን የምታሳልፍ።

«በየሳምንቱ ጭቃ ስጠርግ እጄ ተላጠ» አለች። «ስፌት አክስቴ አስተምራኛለች። እንዲህ ያሉ አሥራ ሁለት ሰፍተህ በመንጠቆ ጎን ለጎን ትሰቅላለህ። ሐቡብ ሲያልፍ የቆሸሸችውን ብቻ አውርደህ፣ አጥበህ፣ መልሰህ ትሰቅላታለህ። መጣል የለ፣ መግዛት የለ።»

ተረጎምኩ። ዐም ሳዲቅ ስፌቷን አገላበጠ፣ አሸተተ፣ ውሃ ውስጥ ነከረ፣ በአፉም እፍ አለባት። ከዚያ ያችኑ ቃል አላት፦ «ያላ፣ ስቀሉት።»

አሥራ ሁለቱን ሰፍታ ያመጣችው በሦስተኛው አርብ ነው። ሐጅ ኦመር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ፉት አለ። ሁለተኛውን ሊደግም ብርጭቆውን አንስቶ አፉ ጋ ሳያደርሰው እዚያው እጁ ላይ አንኮራፋ! ሻዩ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። የሻይ ሻጯ ፍየል በሙከይፉ ፊት ስታልፍ ቆመች፣ ጸጉሯ ሁሉ ተነሣ፣ ትንቀጠቀጥ ጀመር። በገመድ ብትጎተት ቤቷ አልሄድ አለች። በሳምንቱ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ውስጥ፣ በሰኔ፣ ብርድ ልብስ ተፈልጎ ጠፋ።

ከዚያ ወዲያ ዘሊካ አርብ አርብ ትመጣለች፣ እኛም ነገሩን እናሻሽላለን። ውሃ አምጪው በነፋሱ በኩል ያለው ጎን ጠበቅ ተደርጎ ይሰፋ አለ፤ ጠበቅ ተደርጎ ተሰፋ። ሻይ ሻጯ መንጠቆው ይዝጋል አለች፤ በሲባጎ ተተካ። ሰፈሩ ውስጥ አቧራ የበላው ሙከይፍ ያለው ሰው ሁሉ መጥቶ አፉን ያስገባ ነበር።

አንድ ቀን ዘሊካ ከገበያ አዲስ ጓጉንቸር ገዝታ መጣች፤ ከባድ፣ የሚያብረቀርቅ።

«በር ሳይኖርሽ ጓጉንቸር?» አልኳት።

«በሩ ይመጣል። አንተ ምን ጨነቀህ?»

«ምን ልትቆልፊበት ነው? ወርቅ አለሽ እንዴ?»

«እንቅልፌን» አለች። «ከደረጃ ሥር ነው የምተኛው፣ በመጋረጃ። በፈለጋቸው ሰዓት ገልጠው ‹ተነሺ› ይሉኛል። እኔ የምፈልገው ከውስጥ የምዘጋው፣ ከውጭ የምቆልፈው አንድ በር ነው። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።»

የምትፈልገው ያ ብቻ ነበር። ይህን አስታውሱልኝ።

ኡስታዝ አምጀድ፣ አቶ አምጀድ እንደማለት፣ የመጣው ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ መጋቢት ውስጥ ነው። ዐማራት ሰፈር ቢሮ ያለው የአንድ ትልቅ ሸሪካ፣ ማለት የኩባንያ፣ ሰው ነው። ሸሚዙ ነጭ፣ መኪናው ነጭ፣ መሬታችንን ሲረግጥ ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስላል። ሸሪካው ፖርት ሱዳን ለወደብ ሠራተኞች ስድሳ ክፍል ማደሪያ ሠርቷል፤ ለስድሳውም ሙከይፍ ይፈልጋል። የሰዓፉን ስፌት በጣቱ እየነካካ «ይህን የሠራው ማነው?» አለ።

ዘሊካ ተነሣች። ሰውዬው ተናገረ፣ እኔም ተረጎምኩ፦ ስድሳው ደህና ከሆነ ሸሪካው በስሟ ይቀጥራታል፣ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ያወጣላታል፣ ሴቶች አሰባስባ የምትሰፋበት ክፍልም ይከፍትላታል። ምንም አልጨመርኩበትም። መጨመር አያስፈልገውም ነበር። ዘሊካ በቦርሳዋ ጨርቅ ላይ ጓጉንቸሩን በእጇ ጨብጣ ይዛው ነበር።

«ፖርት ሱዳን ላይ ተሞክሯል?» አለ ኡስታዝ አምጀድ።

ይህን ለዘሊካ መተርጎም ነበረብኝ። መልሷን አውቀዋለሁ፤ ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት «አልተሞከረም» ነበር የምትለው። ዐም ሳዲቅ ጓሮ ብየዳ ላይ ነበር፣ አይሰማም። በሩ ላይ ግን ስምንት ሰው ተሰብስቧል፣ ስምንቱም ወደ እኔ ያያሉ። ስምንት ሰው ሲያየኝ አፌ የራሱን ሥራ ይጀምራል።

«ፖርት ሱዳን ብቻ?» አልኩ። «የካፒቴኑን ነገር አልሰማህም እንዴ ያ ኡስታዝ? አምና አንድ የመርከብ ካፒቴን ከዚሁ በር አንዱን ገዝቶ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ገጠመው። ቀይ ባሕር መሀል ሲደርሱ መርከበኞቹ ሥራቸውን ጥለው በሩ ሥር ተጋደሙ። ካፒቴኑም ተኛ። መርከቧ ራሷን እየነዳች ጅዳ ገባች! ከዚያ ለዐም ሳዲቅ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ‹ሙከይፉ ጥሩ ነው፣ ብርድ ልብሱን ግን ለምን አልላካችሁልኝም?› አለው።»

ሻይ ሻጯ ጭኗን እየመታች ሳቀች። ሐጅ ኦመር «ውሸትህ ራሱ ሙከይፍ ነው» አለኝ። ዘሊካ ክንዴን ጎነጠችኝ።

«ምን ብለኸው ነው እንዲህ የሚስቁት?»

«ሥራሽን አደነቅኩልሽ።»

«እንዳታበዛው፣ አንተ ቀጣፊ!»

ኡስታዝ አምጀድም ሳቀ። እየሳቀ ግን ጻፈው።

በእኛ ሰፈር የእኔን ወሬ የሚጽፍ ሰው የለም። አሥር ካልኩ አንድ ብለው ነው የሚቀበሉኝ፤ እኔም ይህን ስለማውቅ ነው አሥር የምለው። ሰውዬው ግን ከእኛ ሰፈር አልነበረም። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ አየሁት። ነገ ይረሳዋል አልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሸሪካው የስድሳው ሙከይፍ ማዘዣ ወረቀት መጣ። ዐም ሳዲቅ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተቀበለና የተላከውን ሰው እንዲህ አለው፦ «መጀመሪያ አንዱን ልሥራና ሐጅ ኦመርን ከነወንበሩ በአውቶቡስ ፖርት ሱዳን እንላከው። እዚያም ከተኛ ስድሳውን እንሠራለን።»

«እኔ በነጻ ከሆነ እስከ ጅዳም እሄዳለሁ» አለ ሐጅ ኦመር።

መልእክተኛው ወረቀቱን በጣቱ አሳየ። «አያስፈልግም ያ ዐም፤ ተፈትኗል። ይኸው ተጽፏል፣ ሙዲሩ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ፈርሞበታል፤ ‹ባሕር ላይ የተፈተነ›።»

ዐም ሳዲቅ ወረቀቱን አፍጥጦ አየው። «እንግዲህ ትልቅ ሸሪካ ነው» አለ። «መሐንዲስ አያጡም። እነሱ ከፈተኑት እኔ ምን አውቃለሁ?»

እነሱ እኛ የፈተንነው መስሏቸዋል። እኛ ደግሞ እነሱ። የት እንደተፈተነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ምላሴ ላይ። መናገር እችል ነበር፣ ሁለት ቃል ነው። ግን ዘሊካ በዚያው ጠዋት የካፉሪውን ሥራ ለቃ መጥታ ነበር። ዐም ሳዲቅ ወርክሾፑ ጣሪያ ላይ ያለችውን ክፍል ሰጥቷታል፣ ጓጉንቸሩም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያበራል። ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አስራው ነበር። ወደ ላይ ሳይ ከጣሪያው ጠርዝ ቁልቁል እያየችኝ፣ «ምን አፍህን ከፍተህ ትቀራለህ? ሰዓፉን አምጣ እንጂ!» አለችኝ። ሰዓፉን አመጣሁ።

አምስት ሴቶች ነበሩ፣ ሁሉም የወሎ ልጆች፣ አምስተኛዋ እሷ። ሰባት መቶ ሃያ ስፌት። ከታች ሆኜ ሲቀላለዱ፣ ሲሰዳደቡ፣ ተራ በተራ ሲዘፍኑ እሰማ ነበር። አንዷ የላላ ከሰፋች ዘሊካ ታስፈታታለች፤ «ስሜ ነው የሚሄደው» ትላለች። በዚያ ጣሪያ ላይ ከቀትር በኋላ ሁልጊዜ ትተኛ ነበር። በሩን ዘግታ። ማንም አይቀሰቅሳትም።

ግንቦት ላይ የጭነት መኪና ስድሳውን ሙከይፍ ጭኖ ሄደ። በዘጠነኛው ቀን ወሬው መጣ። ፖርት ሱዳን ውስጥ ሙከይፉ አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ያረጥበዋል እንጂ። ግድግዳው ያልበዋል፣ ፍራሹ ይረጥባል፣ ሰዓፉ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል። ሠራተኞቹ አልጋቸውን እየጎተቱ ወደ ውጭ ወጡ። ከዚያ ደብዳቤው መጣ፣ ሦስት ማኅተም ያለበት። ለዘሊካ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ሌላ አስተርጓሚ የላትም።

«ሙከይፉ አስቀድሞ ባሕር ላይ ተፈትኖ የተመሰከረለት በመሆኑ፣ የጉድለቱ ምክንያት የሰዓፉ ስፌት ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። ኢቃማው ቀርቷል፣ ክፍሉም ቀርቷል።

ዕድሜዬን ሁሉ ያለ ጭማሪ ያወራሁት ያን ቀን ነው። ቃል በቃል ተረጎምኩላት። መጨመር በነበረብኝ ቀን አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ዘሊካ መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው። «ሰዓፉን በደንብ ሳላደርቅ ነው የሰፋሁት» አለች። «ስቸኩል። በሩ አስቸኮለኝ።»

«አብሽሪ፣ እዚህ እኮ ይሠራል!» አላት ዐም ሳዲቅ፣ እሱም ከእኛ የለመዳትን የወሎ ቃል ይዞ። «እይው፣ ሐጅ ኦመርን እይው!» ሐጅ ኦመር ብርጭቆውን ይዞ እያንኮራፋ ነበር።

«ሽማግሌው ደክሞት ነው» አለች። «እጄ ከዳኝ፣ አባቴ። አትሸንግሉኝ።»

የቀሩትን ስፌቶች ጣሪያ ላይ ያለችው ክፍል ውስጥ ከተተቻቸው፣ ቆለፈችባቸው፣ ቁልፉን ይዛ ሄደች። ሌላ ቪላ ገባች፣ እዚያው ካፉሪ። ይኸኛው አርብም አያስወጣም ነበር።

ከወር በኋላ አንዲት ሴት ረክሻዬ ላይ ተሳፈረች። ለፀሐይ መከላከያ በጎን በኩል ከዘሊካ ስፌቶች አንዷን ሰቅዬ ነበር፤ ተሳፋሪዋ አየቻትና «ይቺ የፖርት ሱዳኗ አይደለችም እንዴ?» አለች። ስሟ ወፋ ነው፤ ዐማራት፣ በዚያው ሸሪካ ጸሐፊ ናት።

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «መጀመሪያ ሲመጣልኝ ‹የሰፈሩ ሰዎች እንደሚቀልዱት፣ አንድ ካፒቴን› ይላል። ከሁለተኛው ጠረጴዛ ሲመለስ ቀልዱ ወጥቶ ‹አንድ ካፒቴን እንደመሰከረው› ሆነ። ሦስተኛው ጋ ካፒቴኑም ጠፋ። ‹ባሕር ላይ የተፈተነ› ብቻ ቀረ። ሙዲሩ የፈረመው እሱ ላይ ነው።»

«ስፌቱ ነው አሉ ጥፋቱ።»

«የምን ስፌት፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው? እኔ ፖርት ሱዳን ነው ያደግኩት። በሙቀቱ ወራት ጠዋት ያሰጣኸው አንሶላ ማታም እርጥብ ነው። አየሩ ራሱ ውሃ ጠጥቶ ጠግቧል፤ የጠገበ አየር ሌላ ውሃ አይልስም። መላእክት ቢሰፉትም እዚያ አያቀዘቅዝም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? እኛ ጋ ተፈርሞ ከላይ የወረደን ወረቀት ጸሐፊ ወደ ላይ አትመልስም። እናንተ ጋ ግን ያገኘው ሁሉ ይናገራል አሉ፣ አህያ ነጂውም ሳይቀር። እናንተ ለምን አልተናገራችሁም?»

ቤቷን ሦስት መንገድ አልፌ ነበር፤ «አቁም እንጂ!» ብላ ትከሻዬን መታችኝ።

በማግስቱ ካፉሪ ሄድኩ። የቪላውን ደወል ደወልኩ፣ ዘሊካ እጇ አረፋ እንደሆነ ወጣች። አንድ ሳላስቀር ነገርኳት፤ ካፒቴኑን፣ ብዕሩን፣ ወረቀቱ የመጣ ቀን ዝም ማለቴን፣ የጠገበውን አየር። ሰምታ ስትጨርስ አንዱን ሲፊንጃዋን፣ የላስቲክ ነጠላ ጫማዋን፣ አውልቃ በጀርባዬ አሳረፈችብኝ። ከዚያ ሳቀች፤ በሩን ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። «አንተ ቀጣፊ!» አለችኝ። «እኔ እኮ እጄ የከዳኝ መስሎኝ፣ መርፌ ከነካሁ ስንት ጊዜዬ!» አርብ ካገኘች እንደምትመጣ፣ ጣሪያ ላይ ያለውን በር እንደምትከፍተው ነገረችኝ። ጀርባዬን እያሻሸሁ፣ ቀለል ብሎኝ ተመለስኩ።

አርቡ ሳይገኝ ጦርነቱ መጣ። እሱን እኔ አልተርክም፤ እሱ ላይ የሚጨመር ነገር የለም። ዘሊካ በገዳሪፍ በኩል ወደ ሀገሯ እንደተሻገረች ሰማሁ። አብራት የሰፋች አንዲት ሴት ደርሳ በስልክ ነግራኛለች፤ ዘሊካ ደኅና ናት፣ ስፌት ግን አትነካም፣ ሲያነሡባትም ወሬ ትቀይራለች አለችኝ። እኔም ከካርቱም ሸሽቼ፣ ቆይቼ፣ ተመለስኩ። ወርክሾፑ በሩ የለም። ጣሪያ ላይ ያለችው ክፍልም በሯ ተገንጥሎ ተወስዷል፤ ጓጉንቸሩ ግን እንደተቆለፈ፣ ማጠፊያውን እንደነከሰ መሬት ላይ ተጥሎ አገኘሁት። ስፌቶቹን ማንም አልፈለጋቸውም። አሥራ ሁለቱን ቤቴ ያለው ሙከይፍ ላይ ሰቅያለሁ። ሐቡብ ሲያልፍ የቆሸሸችውን ብቻ አውርጄ አጥባታለሁ። ኤሌክትሪክ ባለ ጊዜ ያቀዘቅዛል፣ ምን ያህል!

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ፍየሏም፣ ያልፈሰሰው ሻይም፣ ብርድ ልብሱም። አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬአለሁ፤ ከረክሻዬ ጎማዎች አንዱን በሷ ውሰዱ። ካፉሪ ሄጃለሁ። ከቪላው በር ፊት ቆሜአለሁ። ከአጥሩ ውስጥ ግቢ ስታጥብ ውሃው ሲወርድ፣ መጥረጊያው ሲፋቅ ይሰማኝ ነበር። ደወሉን ግን አልደወልኩም። የምጀምርበት ቃል ጠፍቶኝ፣ እኔ ቃል ጠፍቶኝ፣ ረክሻዬን አዙሬ ተመለስኩ። ሲፊንጃው አላረፈብኝም። እሷም አልሳቀችም። እጇ እንደከዳት እያመነች ነው ድንበር የተሻገረችው።

ወሎ ውስጥ ያላችሁ፣ እጇ መልካም ሆኖ ስፌት የማትነካ ዘሊካ የምትባል ሴት ብታገኙ፣ ሰዓፉ በደንብ ደርቆ ነበር በሏት።